በትራክተር ላይ የሥራ መብራት በጥንቃቄ መግጠም
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



የእርሻ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። ጥቁር አፈር ባለበት አካባቢ ዝናቡ ሲበዛ ትራክተር ማሳ ውስጥ ይሰምጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥም የደረሰ ሰብል ሳይሰበሰብ ዝናብ እንዳይመታው ሁሉም ይሽቀዳደማል። ጀንበር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ግን ወረፋ የሚጠብቀው ማሳ ገና አላለቀም። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለ ትራክተሮች ሥራውን በማታ ይቀጥላሉ።

ፋብሪካው የገጠመው የፊት መብራት በዋናነት መንገድ ለማሳየት የተሠራ ነው። ከኋላ ያለውን ማረሻ፣ የትልሙን ጠርዝና ከጎን የቆመውን ሰው በደንብ አያሳይም። ስለዚህ በተለምዶ "ፓውዛ" የምንለውን ተጨማሪ የሥራ መብራት መግጠም ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው አገጣጠሙ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አርሶ አደር አራት ፓውዛ ገዝቶ፣ ለቤት በሚያገለግል ቀጭን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘ እንበል። መብራቱ ይበራል። ለአንድ ወር፣ ምናልባትም ለአንድ ዓመት ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን ትራክተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ገመዱ ከብረት ጋር ይፋተጋል። አንድ ቀን ልባሱ ተልጦ መዳቡ ሻንሲውን ሲነካ፣ የባትሪው ኃይል በዚያ ቀጭን ገመድ በኩል ይፈስሳል። የሚያቆመው ፊውዝ ከሌለ ገመዱ በሰከንዶች ውስጥ ይግልና ፕላስቲኩ መንደድ ይጀምራል። አጠገቡ የነዳጅ ቱቦ ወይም የተጠራቀመ ገለባ ካለ እሳቱ ይዛመታል። ትራክተሩ በብድር የተገዛ ከሆነ ትራክተሩ ይቃጠላል፤ ብድሩ ግን ይቀራል።

ይህን አደጋ ለመከላከል የሚያስፈልገው ወጪ አነስተኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው መቅደም ያለበት ገና መብራቱ ሳይገዛ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
- ትራክተርዎ ስንት መብራት መሸከም እንደሚችል ያሰላሉ፤
- ተስማሚ ፊውዝና ገመድ ይመርጣሉ፤
- የአገጣጠሙን ቅደም ተከተል ያውቃሉ፤
- ሥራውን ለባለሙያ ቢሰጡም በትክክል መሠራቱን ራስዎ ይፈትሻሉ።

1. ከመግዛትዎ በፊት ያስሉ

በመጀመሪያ ትራክተርዎ የሚሠራበትን ቮልት ይወቁ። አብዛኞቹ የእርሻ ትራክተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ሆኖም ከባትሪው ወይም ከትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አንብበው ያረጋግጡ። በመቀጠል የዲናሞውን የማመንጨት አቅም ዲናሞው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብቡ። አቅሙ የሚገለጸው በአምፒር ነው።

መብራት የሚወስደውን አምፒር ለማወቅ ዋቱን ለቮልቱ ያካፍሉ፦

አምፒር = ዋት ÷ ቮልት

ምሳሌ፦ አራት መብራት መግጠም ቢፈልጉ፣
- እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ አራት የሃሎጅን መብራቶች 220 ዋት ይሆናሉ። 220 ÷ 12 = 18.3 አምፒር።
- እያንዳንዳቸው 27 ዋት የሆኑ አራት የኤልኢዲ መብራቶች 108 ዋት ይሆናሉ። 108 ÷ 12 = 9 አምፒር።

አሁን ከዲናሞው አቅም ጋር ያነጻጽሩ። ዲናሞው 35 አምፒር የሚል ከሆነ ሙሉውን እንደሚያገኙ አይቁጠሩ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ዲናሞው የሚያመነጨው ከተጻፈው ያነሰ ነው፤ ባትሪውም መሞላት አለበት። ስለዚህ ሁሉም መብራቶች በአንድ ላይ ሲበሩ የሚወስዱት ከአቅሙ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ያድርጉ። የ35 አምፒር ሦስት አራተኛ 26 ገደማ ነው።

ቀድሞ ያሉት የፊት መብራቶች፣ የኋላ መብራቶችና የዳሽ ቦርዱ መብራት በድምሩ 12 አምፒር ይወስዳሉ እንበል። በዚህ ላይ አራቱ ሃሎጅኖች ሲጨመሩ ድምሩ 30 ይደርሳል፤ ከ26 ስለሚበልጥ አይሆንም። አራቱ ኤልኢዲዎች ሲጨመሩ ግን 21 ይሆናል፤ ይህ ይበቃል። ከዚህ የምንረዳው ዲናሞ መቀየር ሳያስፈልግ፣ የመብራቱን ዓይነት በመምረጥ ብቻ ችግሩን ማስወገድ እንደሚቻል ነው። በተጨማሪም ኤልኢዲ መብራት መስታወቱ እንደ ሃሎጅን ስለማይግል ገለባ ባለበት ሥራ የተሻለ ነው።

መብራቱን ሲገዙ የሚከተሉትን ይመልከቱ፦
- ለትራክተርዎ ቮልት የሚስማማ መሆኑን፤
- "አይፒ 67" ደረጃ ያለው መሆኑን። 6 ቁጥር አቧራ እንደማያስገባ፣ 7 ቁጥር ደግሞ ለአጭር ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢገባ እንደማይበላሽ ያመለክታል፤
- ብርሃኑን በስፋት የሚበትን መሆኑን። ርቀት የሚወረውር ጠባብ ብርሃን ከማረሻው አጠገብ ለሚሠራ ሥራ አይመችም።

2. ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው

ብዙዎቻችን ፊውዝ መብራቱን ከመቃጠል የሚያድን ይመስለናል። ዋናው ሥራው ግን ገመዱን መጠበቅ ነው። ገመድ ሲላጥ ወይም ሲጨፈለቅ ከመጋሉ በፊት ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ መስመሩን ይቆርጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ የፊውዙ ቦታ ከባትሪው አጠገብ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም። ፊውዙ መብራቱ አጠገብ ቢቀመጥ ከባትሪው ጀምሮ ያለው ረጅም ገመድ ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የፊውዙ መጠን ገመዱ ከሚችለው በታች፣ መብራቱ ከሚወስደው ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት። መብራቱ የሚወስደውን አምፒር በ1.25 ያባዙና ቀጥሎ ያለውን የፊውዝ መጠን ይምረጡ። በገበያ የሚገኙት የተለመዱ መጠኖች 5፣ 7.5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25 እና 30 አምፒር ናቸው።

በምሳሌያችን ሁለቱን ኤልኢዲ ለፊት፣ ሁለቱን ለኋላ በተለያየ መስመር እንገጥማለን። እያንዳንዱ መስመር 54 ዋት፣ ማለትም 4.5 አምፒር ይወስዳል። 4.5 × 1.25 = 5.6 ስለሚሆን ለእያንዳንዱ መስመር የ7.5 አምፒር ፊውዝ ይበቃል። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ይህን ያለ ችግር ይሸከማል፤ መንቀጥቀጡንም ይቋቋማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ፣ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሚበልጥ ፊውዝ በፍጹም አይተኩ። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ላይ የተላጠ ገመድ ሊኖር ይችላል። ገመዱን ፈልገው ያስተካክሉ።

3. የማብሪያው ሥራና ሪሌ

አንዳንዶች አዲሱን መብራት ከነባሩ የፊት መብራት ገመድ ላይ ቀጥለው ያበሩታል። ነባሩ ማብሪያና ገመድ ግን የተሠራው ለነባሩ መብራት ብቻ ነው። ተጨማሪ ጭነት ሲመጣበት ውስጡ ይግላል፣ ይቀልጣል።

መፍትሔው ሪሌ መጠቀም ነው። ሪሌ በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ማብሪያው የሚሸከመው የሪሌውን ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ አይግልም። የተለመደው ባለ አራት እግር ሪሌ በእግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፦
- 30፦ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣው መስመር፤
- 87፦ ወደ መብራቶቹ የሚሄደው መስመር፤
- 86፦ ከማብሪያው የሚመጣው መስመር፤
- 85፦ ወደ ኔጋቲቭ የሚሄደው መስመር።

ማብሪያው ኃይል የሚያገኘው የትራክተሩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚኖረው መስመር ይሁን፤ የራሱ አነስተኛ ፊውዝም ይኑረው። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ሲዘጋ መብራቱ አብሮ ይጠፋል። ይህ ካልሆነ ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ በርቶ ሊያድር ይችላል። አራቱ ኤልኢዲዎች ለ5 ሰዓት ብቻ ቢበሩ ከ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ያህሉን ይጨርሳሉ። ጠዋት ትራክተሩ ላይነሳ ይችላል።

4. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መብራቶችና ማሰሪያቸው፤
- ባለ ብዙ ጭረት ተጣጣፊ የመኪና ገመድ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ። አንድ ወጥ መዳብ ያለው የቤት ገመድ በመንቀጥቀጥ ስለሚሰበር አይሆንም፤
- ክዳን ያለው የፊውዝ ማስቀመጫና መለዋወጫ ፊውዞች፤
- ሁለት ሪሌና ሁለት ማብሪያ፤
- በመጭመቂያ ፒንሳ የሚታሰሩ የገመድ ጫፎች፤
- ገመዱን የሚያለብስ የተቦረቦረ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ገመድ በብረት ቀዳዳ ለሚያልፍበት ቦታ የጎማ ቀለበት፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፤
- መልቲሜትር።

5. የአገጣጠም ቅደም ተከተል

ሀ. ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማረሻውን መሬት ያሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ያውጡ። ሞተሩና ማርሚታው እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ።

ለ. የእጅ ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ። ባትሪ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በአቅራቢያው ሲጋራ አያጭሱ፣ እሳት አያቅርቡ።

ሐ. በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ፖዘቲቩን ቀድመው ቢፈቱ መፍቻው ሻንሲውን ከነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጠራል። ሲመልሱ ደግሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ ላይ ይታሰራል።

መ. መብራቶቹን ይሰሩ። ትራክተሩ ቢገለበጥ ኦፕሬተሩን የሚያድነውን የመከላከያ ፍሬም አይብሱ፣ ብየዳም አያድርጉበት። ጥንካሬውን ያጣል። በምትኩ ፍሬሙን በዙሪያው አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይጠቀሙ። ሌላ ቦታ ላይ ብየዳ የግድ ካስፈለገ ባትሪውና ዲናሞው ተለያይተው ይፈቱ።

ሠ. ገመዱን ያሳልፉ። ከማርሚታ፣ ከማራገቢያና ከቺንጊያ፣ ከነዳጅና ከሃይድሮሊክ ቱቦ ያርቁት። ከመሪውና ከማረሻው ማንሻ ጋር አብሮ እንዳይንቀሳቀስ ይጠንቀቁ። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይሰሩት። ኮፈኑ በሚከፈትበት ቦታ እንዳይወጠር ትርፍ ይተዉለት። በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ያድርጉለት።

ረ. መገናኛዎችን በመጭመቂያ ፒንሳ ያጥብቁ። ገመድ ከገመድ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አይበቃም። አቧራና እርጥበት ገብቶበት ይዝጋል፣ ይላላል፣ የላላ መገናኛም ይግላል።

ሰ. ለኔጋቲቩ እስከ ባትሪው ወይም እስከ ዋናው ሻንሲ የራሱን ገመድ ይዘርጉ። ሻንሲ ላይ የሚታሰር ከሆነ ቀለሙንና ዝገቱን አስለቅቀው ንጹሕ ብረት ላይ በቡሎን ያጥብቁ።

ሸ. ፊውዞቹን ሳያስገቡ ሁሉንም መስመር አንድ በአንድ ይፈትሹ። ከዚያ ባትሪውን ያገናኙና ፊውዞቹን መጨረሻ ላይ ያስገቡ።

ማሳሰቢያ፦ ትራክተርዎ አዲስና በኮምፒውተር የሚታገዝ ከሆነ ወይም ዋስትናው ካላለቀ ምንም ገመድ አይቁረጡ። ለሻጩ ድርጅት ወይም ለትራክተሩ ባለሙያ ያሳዩ። እነዚህ ትራክተሮች ለተጨማሪ መብራት የተዘጋጀ መስመር ሊኖራቸው ይችላል።

6. ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

1ኛ. ሞተሩን አስነስተው በሥራ ዙር ላይ ሁሉንም መብራት ያብሩ። በመልቲሜትር ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። እየቀነሰ ከሄደ ጭነቱ ከዲናሞው አቅም በላይ ነው፣ ወይም ቺንጊያው ላልቷል።

2ኛ. መብራቱ ጋ ይለኩ። ባትሪው ላይ ካገኙት ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱ ቀጭን ነው ወይም የላላ መገናኛ አለ።

3ኛ. መብራቱ 15 ደቂቃ ከበራ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው የፊውዝ ማስቀመጫውንና መገናኛዎችን በእጅ ይንኩ። ለብ ማለት ችግር የለውም። እጅ የማያስይዝ ሙቀት ካለ ግን ያ ቦታ ሳይስተካከል ሥራ አይጀመር።

4ኛ. ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ቡሎኖቹንና ማሰሪያዎቹን ደግመው ያጥብቁ። በመንቀጥቀጥ የሚላሉት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

7. በማታ ሥራ ወቅት

መብራት መኖሩ ቀን አደረገው ማለት አይደለም። ኦፕሬተሩ በብርሃኑ ክልል ውስጥ ያለውን ያያል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ግን የበለጠ ጨለማ ይሆንበታል። ስለዚህ፦

- ማሳውን በቀን ዞረው ይመልከቱ። ጉቶ፣ ድንጋይ፣ ቦይና ገደል ያለበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ።
- በማሳው ውስጥ ወይም ዳር ማንም እንዳይተኛ ያድርጉ። ረዳት፣ የሰብል ጠባቂና ልጆች ከትራክተሩ መራቃቸውን ሳያረጋግጡ አይንቀሳቀሱ።
- በማሽኑ ላይ የተጠመጠመ ነገር ለማስለቀቅ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉ። ፒቲኦው እየዞረ በመብራት ስላየሁት እጄን እጠብቃለሁ ማለት ሕይወት ያስከፍላል።
- ወደ መንገድ ሲወጡ የሥራ መብራቶቹን በሙሉ ያጥፉ። ወደ ኋላ የሚበራ ነጭ መብራት ከኋላ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጠፋዋል፤ ትራክተሩም ወደ እሱ የሚመጣ መኪና ይመስለዋል። የኋላው መስመር የራሱ ማብሪያ እንዲኖረው ያደረግነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።
- በየቀኑ ከሥራ በፊት በሞተሩ፣ በባትሪውና በመብራቶቹ ዙሪያ የተጠራቀመ ገለባና አቧራ ያጽዱ።

ጭስ ወይም የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ካስተዋሉ ወዲያው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉና ይውረዱ። እሳት ካልተነሳና መድረስ ከቻሉ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ለዚህ በእጅ የሚዞር የባትሪ ማቋረጫ ቢገጠም በሰከንድ ውስጥ ኃይሉን መቁረጥ ይቻላል። የደረቅ ፓውደር እሳት ማጥፊያ ትራክተሩ ላይ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ይኑር። እሳቱ ከበረታ ግን ርቀው ይቁሙ፣ ሌላውንም ሰው ያርቁ። ትራክተር ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ማጠቃለያ

የሥራ መብራት ጥቅሙ ብዙ ነው። ጉዳት የሚያመጣው ያለ ስሌት ሲገዛና ያለ ፊውዝ ሲገጠም ነው። አብዛኞቻችሁ ሥራውን ለአውቶ ኤሌክትሪሺያን እንደምትሰጡ እናውቃለን፤ ይህም ይመከራል። ሆኖም ንብረቱ የእርስዎ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባለሙያውን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፣ መልሱንም በዓይንዎ ይዩ፦

1. ፊውዙ የት ነው? ከባትሪው ምን ያህል ይርቃል?
2. ፊውዙ ስንት አምፒር ነው? ገመዱስ ከዚያ በላይ ይሸከማል?
3. ሪሌ ተገጥሟል?
4. ቁልፉ ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋል?
5. ገመዱ ብረት፣ ሙቀት ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር የሚነካበት ቦታ አለ?

የቡድን ሥራ

ከክላስተር አባላት መካከል ተጨማሪ መብራት የተገጠመለት ትራክተር ያለው ካለ፣ በፈቃዱ ትራክተሩን በቀን ብርሃን አንድ ላይ ይመልከቱ። ሞተሩ መጥፋቱንና መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላ ገመዱን ከባትሪው እስከ መብራቱ በዓይን ይከተሉ። አምስቱን ጥያቄዎች ይመልሱ። ጉድለት ካገኙ እስኪስተካከል ድረስ የመብራቱ ፊውዝ ይውጣ፤ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ የመስመሩ ገመድ ከባትሪው ይለይ። ያያችሁትን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳውቁ፤ ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱም ለተከታይ አርሶ አደሮች አሳዩ።